ማሽኑ ዋሸ ወይስ ካርታው አስዋሸው? «ዲፕሎማሲ» በተባለው ጨዋታ የድንበር ውል የሚጸናበትና የሚፈርስበት ምክንያት

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አደጋ በሚነሣ ክርክር ውስጥ አንድ ምሳሌ ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ሜታ የተባለው ኩባንያ የሠራው «ሲሴሮ» የተሰኘ ፕሮግራም፣ «ዲፕሎማሲ» በሚባል የስትራቴጂ ጨዋታ ከሰዎች ጋር ሲደራደር ወዳጅ መስሎ ቀርቦ ከድቷል የሚለው ነው። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ እየከበደ ሄዶ «ማሽኑ መዋሸትን በራሱ ተማረ» ወደሚል ድምዳሜ ደርሷል። ነገሩን የሚያቃልሉት ደግሞ «ጨዋታው ራሱ የውሸት ጨዋታ ነው፤ ሌላ ምን ይጠበቃል?» ይላሉ። ሁለቱም አባባሎች የጨዋታውን አሠራር ዘልለው ያልፋሉ። በዚህ ጨዋታ ቃል የሚጠበቀውም የሚፈርሰውም በአብዛኛው በድንበር ላይ ነው። የትኛው የድንበር ውል እንደሚጸና ደግሞ ከተጫዋቹ ጠባይ ይልቅ የካርታው አቀማመጥና የትእዛዝ አሰጣጡ ሕግ ይወስነዋል። ይህን ሳይመለከቱ ማሽኑን ውሸታም ወይም እውነተኛ ማለት ፍርድን ከምስክር ማስቀደም ነው።

## ጨዋታው እንዴት ይካሄዳል?

«ዲፕሎማሲ»ን የፈለሰፈው አለን ካልሃመር የተባለ አሜሪካዊ ነው። በሃርቫርድ ተማሪ ሳለ የአንደኛው የዓለም ጦርነትን መነሻ ያጠኑት የታሪክ ምሁር ሲድኒ ፌይ አስተምረውት ነበር። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1954 ቀረጸው፤ አሳታሚዎች አንቀበልም ስላሉትም በ1959 በራሱ ወጪ 500 ቅጂ አሳተመ። ካልሃመር ኋላ በኢሊኖይ ግዛት ፖስታ አዳይ ሆኖ ሠርቷል። ጨዋታው ከ1963 ጀምሮ በርቀት ባሉ ሰዎች መካከል በፖስታ ይካሄድ እንደነበር ሲታሰብ ይህ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚካሄደው በኢንተርኔት ነው።

ካርታው የ1901ዋን አውሮፓ ያሳያል። ሰባት ተጫዋቾች እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን፣ ጀርመንን፣ ጣሊያንን፣ ኦስትሪያ-ሃንጋሪን፣ ሩሲያንና ቱርክን ይይዛሉ። በሰሌዳው ላይ 34 የስንቅ ማዕከሎች አሉ። የስንቅ ማዕከል ማለት ለያዘው አገር አንድ ጦር የመቀለብ አቅም የሚሰጥ ግዛት ነው፤ ስለዚህ ማንም ከያዘው ማዕከል ቁጥር በላይ ጦር ሊኖረው አይችልም። ከ34ቱ መካከል 22ቱ ገና ከመነሻው የሰባቱ አገሮች ሲሆኑ፣ 12ቱ እንደ ቤልጂየም፣ ሰርቢያና ስዊድን ያሉ፣ ማንም ቀድሞ ሊይዛቸው የሚችል ግዛቶች ናቸው። 18 ማዕከል የሰበሰበ ያሸንፋል።

ይህን ጨዋታ ከሌሎች የጦርነት ጨዋታዎች የሚለየው በመጀመሪያ ዳይስ አለመኖሩ ነው። ጦሮች ሁሉ እኩል ጉልበት ስላላቸው አንድ ጦር ብቻውን ሌላውን ከቦታው ማስለቀቅ አይችልም፤ ከአጠገቡ ያለ ሌላ ጦር፣ የራሱም ሆነ የባዕድ፣ ድጋፍ ሊሰጠው ይገባል። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ጦሮች ወደ አንድ ቦታ ከታዘዙ አንዳቸውም ሳይገቡ በነበሩበት ይቀራሉ። ተጫዋቾች ይህን «ባውንስ» ይሉታል፤ ተጋጭቶ መንጠር ማለት ነው። ሌላው ልዩነት የትእዛዝ አሰጣጡ ነው። ተጫዋቾቹ በየተራው ከተነጋገሩ በኋላ ትእዛዛቸውን ለየብቻ በምስጢር ይጽፋሉ፤ የሁሉም ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይገለጣል። በንግግር ወቅት የተባለ ምንም ነገር አያስገድድም። በእኛ ልማድ ውል ዋስም እማኝም ይፈልጋል፤ በዚህ ሰሌዳ ላይ ግን ዋስ የለም፣ እማኝ የለም፣ አቤት የሚባልበት ዳኛም የለም።

## ቂም ሳይኖር የሚነሣ የወሰን ጠብ

ጨዋታው ሲጀመር ማንም ማንንም አልበደለም። ያም ሆኖ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በየጎረቤቱ መካከል ጥርጣሬ አለ፤ ምንጩም ካርታው ነው። የጣሊያኗ ቬኒስና የኦስትሪያዋ ትሪየስቴ ጎን ለጎን የተሰለፉ የስንቅ ማዕከሎች ናቸው። በሰሌዳው ላይ ከመነሻው በሁለት የተለያዩ አገሮች ተይዘው የሚዋሰኑ ማዕከሎች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። በሁለቱም ላይ ጦር ቆሟል። በሰላም ተለያይተው ወደየፊናቸው ለመሄድ ቢፈልጉ እንኳ፣ ቀድሞ ጦሩን ያነሣ ሰው ቤቱን ክፍት ትቶ ይሄዳል።

ከእነዚህ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ጠቦች የሚነሡት ምንም ስንቅ በማይሰጡ ባዶ ቦታዎች ነው። ለጨዋታው አዲስ የሆነ ሰው ይህን ለመረዳት ጊዜ ይወስድበታል። በሩሲያና በኦስትሪያ መካከል ያለችው ጋሊሲያ፣ በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ያለችው በርገንዲ፣ በሩሲያና በቱርክ መካከል ያለው ጥቁር ባሕር፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለው፣ ቻናል የተባለው ባሕር ማዕከል የላቸውም። የሚያጣሉት ከእነርሱ በሚደረስበት ነገር ምክንያት ነው። ከጋሊሲያ ወደ ቪየናም ወደ ቡዳፔስትም ወደ ዋርሶም ይገባል። በርገንዲን የያዘ የጀርመን ጦር ፓሪስንና ማርሴይን በአንድ ጊዜ ያሰጋል፤ ተከላካዩ ደግሞ ከሁለቱ የትኛው እንደሚመታ አያውቅም። ጥቁር ባሕር ውስጥ የገባ የሩሲያ መርከብ አንካራንና ቁስጥንጥንያን ሲያስጨንቅ፣ የቱርክ መርከብ ከገባ ደግሞ ሴቫስቶፖልን ያስጨንቃል።

የአንዱ ደኅንነት የሌላው ሥጋት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሩሲያ ጋሊሲያን «ለመከላከል ብቻ» ብትይዝ ኦስትሪያ ሁለት ከተሞቿን የሚጠብቅ ጦር ከሰርቢያ በኩል ለመመለስ ትገደዳለች። ኦስትሪያ ቀድማ ብትይዘው ዋርሶ ትሠጋለች። ሁለቱም ተጫዋቾች ፍጹም ቅን ሰዎች ቢሆኑ እንኳ ሂሳቡ አይለወጥም።

## በቃል የቆመ ውል እና በትእዛዝ የቆመ ውል

ተጫዋቾች ለዚህ ችግር ያበጇቸው መፍትሔዎች ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ጥንካሬያቸው ግን እጅግ ይለያያል። በብዛት የሚሠራበት ከጦር ነፃ ቀጣና ነው። «አንተም አትግባ፣ እኔም አልገባም» የሚል ስምምነት ነው። ለሁለቱም ጠቃሚ ነው፤ ጦራቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲያሰማሩ ያስችላቸዋል። ድክመቱ ደግሞ ጥቅሙ ካለበት ቦታ ነው የሚመነጨው። ቃሉን ያመነው ወገን ጦሩን ያነሣል፤ እርሱ ጦሩን ባነሣ መጠን ሌላው ወገን ውሉን እንዲያፈርስ የሚገፋፋው ፈተና ይበረታል። በጋሊሲያ ላይ ይህ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ሩሲያ ከገባች ሁለት የኦስትሪያ ማዕከሎች ይጋለጣሉ፤ ኦስትሪያ ከገባች ግን የሩሲያ የቤት ማዕከል የሆነችው ዋርሶ ብቻ ናት የምትጋለጠው። ውሉ በወረቀት ላይ እኩል ቢሆንም በመፍረሱ የሚገኘው ትርፍ እኩል አይደለም።

ሌላው መንገድ በጥቁር ባሕር ላይ የተለመደው ነው። ሩሲያና ቱርክ ባሕሩን ባዶ ለማድረግ ሲስማሙ «አንግባ» ከማለት ይልቅ «ሁለታችንም እንግባ» ይባባላሉ። እያንዳንዱ የጨዋታ ዓመት የጸደይና የመከር ተራ አለው፤ በ1901 የጸደይ ተራ ሩሲያ የሴቫስቶፖል መርከቧን፣ ቱርክ የአንካራ መርከቧን ወደ ጥቁር ባሕር ያዝዛሉ። እኩል ስለሆኑ ይጋጫሉ፣ ሁለቱም ይነጥራሉ፣ ባሕሩ ባዶ ይቀራል። የተገኘው ውጤት ከጦር ነፃ ቀጣና ጋር አንድ ነው፤ የሚጸናበት ምክንያት ግን የተለየ ነው። ቱርክ ትእዛዟን ብታስቀር የሩሲያ መርከብ ይገባባታል፤ ሩሲያም ብታስቀር እንዲሁ። ስለዚህ እያንዳንዳቸው ውሉን የሚፈጽሙት የሌላውን ቃል ስላመኑ አይደለም፤ ባይፈጽሙ የሚጎዱት ራሳቸው ስለሆኑ ነው። ዋጋው በየበኩላቸው የአንድ መርከብ አንድ ተራ ነው። በተጨማሪም ሌሎቹ አምስት ተጫዋቾች ሁለቱ የተጋጩ መስሏቸው እፎይ ሊሉ ይችላሉ። የሩሲያና የቱርክ ጥምረት ደግሞ በጨዋታው ውስጥ እጅግ ከሚፈሩት አንዱ ነው።

ከእነዚህ በተለየ በመያዣ ላይ የተመሠረተ ውልም አለ። ጀርመን በጸደይ መርከቧን ከኪል ወደ ዴንማርክ ብትልክ፣ በመከር ወደ ስዊድን በማዘዝ ሩሲያ ስዊድንን እንዳትይዝ ማንጠር ትችላለች። መርከቡ ቢነጥር ያው ዴንማርክ ላይ ይቀራል፣ ዴንማርክም ትያዛለች። ማለትም ዛቻው ለጀርመን ምንም ወጪ የለውም። ስለዚህ ጀርመን ለሩሲያ «ወደ እኔ ድንበር ጦር ካላስጠጋህ ስዊድንን እለቅልሃለሁ» ስትል ቃሏ ክብደት አለው። ዛቻን የሚያስከብረው የሚዝተው ሰው ቁጣ ሳይሆን የዛቻው ርካሽነት መሆኑን ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ጠንቅቀው ያውቃሉ።

## ክህደቱ መቼ ይመጣል?

በጨዋታው አነጋገር ክህደት «ስታብ» ይባላል፤ ከጀርባ መውጋት ነው። ጊዜው በዘፈቀደ የሚመረጥ አይደለም። የማዕከሎች ባለቤትነት የሚቆጠረው ከመከር ተራ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ በጸደይ ውል ያፈረሰ ተጫዋች ተበዳዩ በመከር እንዲከላከል ዕድል ይሰጠዋል። በመከር ያፈረሰ ግን ወዲያው ያተርፋል። የአንድ ማዕከል መያዝ ለያዡ አንድ ጦር ሲጨምር ለተበዳዩ አንድ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን በአንድ ጊዜ በሁለት ይዛባል። ገና አምስት ወይም ስድስት ጦር ባላቸው ሰዎች መካከል ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ታዲያ ተጫዋቾች ሁልጊዜ ለምን አይዋሹም? ምክንያቱ ድጋፍ ነው። ያለ ሌላ ሰው ድጋፍ ማስፋፋት ከባድ ስለሆነ፣ ማንም የማያምነው ተጫዋች ቀድሞ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ተጫዋቾች የሚልኩትን እያንዳንዱን መልእክት እውነት ወይም ውሸት ብለው ራሳቸው እንዲመዘግቡ አድርጎ ነበር። ውሸት የተባሉት መልእክቶች ከ5 በመቶ በታች ሆነው ተገኙ። «የውሸት ጨዋታ» የሚለው ስም ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። አብዛኛው ንግግር እውነት በመሆኑ ነው ጥቂቱ ውሸት ዋጋ የሚያወጣው። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ክህደት ሲቃረብ በሁለቱ አጋሮች ንግግር መካከል ያለው ሚዛን በድንገት እንደሚለወጥ አሳይቷል፤ በበጎ ስሜት፣ በትሕትናና ስለ ወደፊት ዕቅድ በማውራት ረገድ አንደኛው ከሌላው ጋር መመጣጠኑን ያጣል። ተበዳዩ ራሱ ግን ይህን አያስተውለውም።

ጨዋታው ሲገፋ ደግሞ የሚደረስበት ደረጃ አለ። ሁለት ኅብረቶች ጦሮቻቸውን እርስ በርስ እየደገፉ ማንም ሊሰብረው የማይችል መስመር ይዘረጋሉ። እንዲህ ያለው ድንበር ንግግር አያስፈልገውም፤ ጨዋታውም ብዙ ጊዜ በስምምነት በአቻ ውጤት ይዘጋል።

## ሲሴሮ ያደረገውና ያላደረገው

ሲሴሮ ለሕዝብ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ነበር። በኢንተርኔት በተካሄዱ 40 ጨዋታዎች ማንነቱ ሳይነገር ከ82 ሰዎች ጋር ተጫወተ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተጫወቱት መካከልም ከላይኛዎቹ 10 በመቶ ውስጥ ገባ። አሠራሩ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል የሰሌዳውን ሁኔታና የተባለውን ንግግር ተመልክቶ ሌሎች ምን እንደሚያዝዙ ይገምታል፤ ለራሱና ለአጋሩ የሚበጀውንም ዕቅድ ያወጣል። ሁለተኛው የቋንቋ ሞዴል ነው፤ ማለትም ከብዙ ጽሑፍ ተምሮ ዐረፍተ ነገር የሚያመነጭ ክፍል። ይህኛው መልእክት የሚጽፈው በወጣው ዕቅድ ላይ ተመሥርቶ ነው። ሠሪዎቹ ፕሮግራሙ በአብዛኛው ሐቀኛ እንዲሆን እንዳሠለጠኑት፣ ሆን ብሎም እንደማይከዳ ተናግረው ነበር።

በ2024 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራው ተመራማሪ ፒተር ፓርክና ባልደረቦቹ ይህን አባባል ተቃወሙ። ካቀረቧቸው ማስረጃዎች መካከል ክብደት ያለው የሰሜን ባሕር ጉዳይ ነው። ሲሴሮ ፈረንሳይን ይዞ ሲጫወት ከጀርመን ጋር ሰሜን ባሕርን ለመውረር ተስማማ። ከዚያ ለእንግሊዝ፣ ማንም ሰሜን ባሕርን ቢወር እከላከልልሃለሁ ብሎ ቃል ገባ። እንግሊዝ ማመኑን ሲያይም ተመልሶ ለጀርመን ለጥቃቱ ዝግጁ መሆኑን ነገረ። ሌላው ማስረጃ ቀላልና ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ፕሮግራሙ በቴክኒክ ችግር ለ10 ደቂቃ ያህል ተቋርጦ ሲመለስ የት እንደነበር ቢጠየቅ፣ ከሴት ጓደኛው ጋር ስልክ ላይ እንደነበር መለሰ።

ሁለቱን ምሳሌዎች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግን ትክክል አይመስለኝም። የስልኩ መልስ ሐሰት መሆኑ አያጠያይቅም፤ ነገር ግን ከሰዎች ንግግር የተማረ ሞዴል ሰዎች በዚያ ቦታ የሚሉትን መድገሙ ነው እንጂ ለማሸነፍ የታቀደ ተንኮል አይደለም። የሰሜን ባሕሩ ይለያል። እዚያ ላይ ቃሉ ከዕቅዱ ጋር ተጣጥሞ አጋርን የሚያዘናጋ ሥራ ሠርቷል። የሠሪዎቹ መከራከሪያ ፕሮግራሙ ዕቅዱን በየጊዜው እንደገና እንደሚያሰላ፣ ስለዚህ ጠዋት በእውነት የተባለ ነገር ማታ ሊለወጥ እንደሚችል የሚያስረዳ ነው። ይህ በብዙ የተሰበሩ ቃሎች ላይ ያስኬዳል። ከአንዱ ጋር ወረራ ተስማምቶ ለሌላው መከላከያ ቃል መግባትን ግን ለማስረዳት አይበቃም።

ከዚህ ክርክር ውስጥ የጠፋው የእንግሊዝ ተጫዋች ሁኔታ ነው። የተሰጠው ቃል ከጦር ነፃ ቀጣና ዓይነት፣ በቃል ብቻ የቆመ ውል ነበር። ሰሜን ባሕር ለእንግሊዝ የቤቱ በር ነው፤ በዚያ ላይ የሌላ ሰው ቃል ይዞ የራሱን መርከብ ማንሣት፣ ቃሉን የሰጠው ሰውም ይሁን ማሽን፣ በዚህ ጨዋታ ውድ ስህተት ነው። በጥቁር ባሕር ላይ እንደሚደረገው ዓይነት ውል ቢሆን ኖሮ ሲሴሮ ቃሉን ቢያፈርስም ባሕሩ እንዲህ በቀላሉ ባልተያዘ ነበር።

በ2024 የወጣ ሌላ ጥናትም ለዚህ ድጋፍ ይሰጣል። ሁለት ደርዘን ያህል ጨዋታዎችን የመረመሩት ተመራማሪዎች ሲሴሮ ሰዎችን ደጋግሞ ቢያሸንፍም በማታለልም ሆነ በማሳመን ረገድ ደካማ እንደሆነ ጽፈዋል። ድሉ የመጣው ጦር በማንቀሳቀስ ችሎታው ነው። አንደበቱ የሚነገርለትን ያህል አይደለም።

## ቅጣት ያለበት ሰሌዳ

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ዲፕማይንድ የተባለው የጉግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ተመራማሪዎች ጉዳዩን ከሌላ በኩል መርምረውት ነበር። በሰው ቋንቋ የማይናገሩ፣ ነገር ግን በቀጣዩ ተራ ምን እንደሚያዝዙ ውል መግባት የሚችሉ ፕሮግራሞችን አጫወቱ። ውል የሚገቡት ከማይገቡት በለጡ። ከዚያ ውል ገብተው የሚያፈርሱ ሲጨመሩ፣ አፍራሾቹ በአማኞቹ ላይ ትርፍ አገኙ። ቀጥሎም ውል ያፈረሰባቸውን እስከ ጨዋታው ፍጻሜ የሚቀጡ ፕሮግራሞች ገቡ፤ ይህን ጊዜ የማፍረስ ትርፍ በእጅጉ ቀነሰ። መቼ ማፍረስ እንደሚያዋጣ እንዲማሩ የተተዉትም በአብዛኛው ውል አክባሪ ሆኑ፤ የሚያፈርሱት የሚገኘው ጥቅም በጣም ሲበዛ ወይም ጨዋታው ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ነበር።

በዚህ ሙከራ ውስጥ ስለ እውነትና ሐሰት የተማረ ማንም የለም። የተለወጠው የማፍረስ ዋጋ ብቻ ነው። ይህን የሚነቅፉ ሰዎች ቅጣት ራሱ ወጪ እንዳለው ያነሣሉ፤ ትክክልም ናቸው። ከዳተኛውን ለመበቀል የተላከ ጦር ከሌላ ድንበር የተነሣ ጦር ነው፤ ሁለቱ ሲቀጣቀጡ ሦስተኛው ጎረቤት ይጠቀማል። በሰዎች ጨዋታ ውስጥ ብዙ ተበዳዮች በቁጭት የተረፈቻቸውን ሁለት ጦር ሁሉ በከዳቸው ላይ የሚያዘምቱት ይህን እያወቁ ነው። ከአንድ ጨዋታ ሂሳብ አንጻር ከንቱ ነው። ሰዎቹ በሚቀጥለውም ጨዋታ የሚገናኙ ከሆነ ግን ስም ይተርፋል፤ ስም ደግሞ ዋስ ሆኖ ያገለግላል። ማንነት ተደብቆ በሚካሄድ ጨዋታ ይህ ዋስ አይኖርም፤ ሲሴሮ የተሞከረው እንዲህ ባለ መድረክ ላይ እንደነበር ልብ ይሏል።

## ንጽጽሩ እስከ የት ያስኬዳል?

ይህን ሁሉ ወደ እውነተኛ የመንግሥታት ግንኙነት መገልበጥ አይቻልም። በሰሌዳው ላይ ሕዝብ የለም፣ ንግድ የለም፣ የአንዱ ማዕከል መጨመር ያለ ሌላው መቀነስ ከ1901 ጥቂት ዓመታት በኋላ የማይሆን ነገር ነው። አሸናፊውም አንድ ብቻ ነው። እውነተኛ ጎረቤታሞች ወሰን ተካለው ለትውልድ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የጨዋታው ሕግ ግን ይህን ለብዙ ጊዜ አይፈቅድም። ሜታም ሲሴሮ ለምርምር ብቻ የተሠራ፣ ይህን ጨዋታ ብቻ የሠለጠነ እንደሆነና በምርቶቹ ውስጥ ለመጠቀም ዕቅድ እንደሌለው ተናግሯል።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ለገዢና ለሻጭ፣ ለአሠሪና ለሠራተኛ ወክለው የሚደራደሩ ፕሮግራሞችን የመሥራት ፍላጎት እየጨመረ ነው። ሲሴሮን የመሰለ፣ ከእያንዳንዱ መልእክት በኋላ ዕቅዱን እንደገና የሚያሰላ ፕሮግራም ጠዋት በ100 ኩንታል ተስማምቶ ከሰዓት በኋላ የተሻለ ዋጋ ሲያይ ሊተወው ይችላል፤ በሁለቱም ሰዓት የተናገረው በዚያ ቅጽበት ካለው ዕቅድ ጋር ስለሚገጥም «አልዋሸም» ሊባልለት ነው። ለተጎዳው ወገን ይህ መጽናኛ አይሆንም። የፕሮግራሙን ሐቀኝነት በፈተና ከመለካት ጎን ለጎን፣ የገባውን ቃል ሲተው ኪሳራው በባለቤቱ ላይ እንዲያርፍ አስቀድሞ በመያዣ ወይም በክፍያ ማሰር ይቻላል። ይህን የሚያደርገው ሠሪው ኩባንያ ነው፣ ተጠቃሚው ነው ወይስ ሕግ አውጪው የሚለው ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው።